ጎርፍ ያሰባሰበው ቤተ ሰብ

ቤተ ሰብ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚመልሰው አባትና እናት፤ ልጅ፤ ወንድምና እኅት ብሎ ነው። መልሱ እውነት ነው፤ የቤተ ሰብ ሥሩ ሥጋና ደም መሆኑን የሚክድ የለምና። ነገር ግን የደህና ቀን ቤተ ሰብ አንድ ነው፤ የክፉ ቀን ቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ ነው። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ሰው ከዘመዱ ይለያል፤ ከማያውቀውም ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ያ ጣራ ቤት ይሆናልን፤ ወይስ መጠለያ ብቻ ሆኖ ይቀራል? ዛሬ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው።

ነገሩንም በባዶ ቃል እንዳናስረዳ በፎገራ ሜዳ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን እንተርካለን። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል የጥቂት ሰዎችን ቃል በመዝገብ አስፍሬ ነበር፤ ነገሩም ልቤን ስለ ነካው ሥራው ካለቀ በኋላ ከቤታቸው ሄጄ የቀረውን ጠየቅኋቸው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቀዱልኝ፤ ስማቸውን ግን እንዳላወጣ ለመኑኝ፤ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ።

በመጀመሪያ አገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንናገር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ የጉማራን ወንዝ ይሻገራል፤ ከዚያም ወዲያ ምድሪቱ እንደ ገበታ ተዘርግታ ያገኛታል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ከተማውም ወረታ ነው። ከጉማራ በስተ ደቡብ ያለው አገር ደራ ይባላል፤ የደራም ከተማ አንበሳሜ ነው። ከሜዳው በስተ ምዕራብ የጣና ባሕር ተኝቷል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ቆሟል። ጉማራና ርብ የተባሉት ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተነሥተው በሜዳው ላይ አልፈው ጣና ይገባሉ። የጣና ባሕር ከታላቁ ባሕር ወለል 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሜዳው ግን ከጣና የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የአገሩ በረከትም መከራውም የሚመጣው ከዚህ አቀማመጥ ነው። ወንዞቹ የደጋውን አፈር እየጠረጉ ስለሚያወርዱ የሜዳው መሬት ጥቁርና ለም ነው። የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህም ውኃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ አብቃይ ሆኖ ሕዝቡን አብልቷል። ነገር ግን በክረምት ከጉና የሚወርደው ውኃ ሲበዛ፤ የወንዞቹም ሆድ በደለል ሲሞላ፤ ጣናም ራሱ ጠግቦ አልቀበልም ሲል፤ ውኃው መሄጃ ያጣና በሜዳው ላይ ይተኛል። የተዳፋቱ ደን ተመንጥሮ ስለ ታረሰ ውኃውን የሚያዘገይ ሥር የለም። ጣናም ከፍ ብሎ የሚሞላው ዝናሙ ሊያበቃ ሲል ስለ ሆነ፤ ሰማዩ ቢጠራም ምድሩ ቶሎ አይጠራም። የቀደሙት ባላገሮች ይህን ስለሚያውቁ ክረምት በገባ ጊዜ ከብታቸውን ወደ ደጋው ያወጡ ነበር።

ያ የ1998 ዓ.ም. ክረምት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የከፋ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን ሊነጋ ሲል በድሬዳዋ ከተማ ደራሽ ውኃ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ነሐሴ 7 ቀን ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰው አጠፋ። ወደ ክረምቱ ማለቂያም ርብና ጉማራ ከዳራቸው ወጥተው በፎገራ፤ በሊቦ ከምከምና በደራ ቆላ ያለውን መንደር ዋጡት። በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። ዓለሙ እየሞቀ በሄደ ቍጥር ዝናም በልኩ መዝነቡን ትቶ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መዝነብን፤ ወይም ጨርሶ መቅረትን ያዘወትራል ብለው የዓየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ስለዚህ የፎገራ ነገር የአንድ ዓመት ወሬ ብቻ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያም ጎርፉ ተመልሶ መጥቶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከጉማራ አጠገብ በሜዳው መካከል አንዲት ጕብታ አለች፤ በላይዋም በዛፍ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ውኃው በሌሊት በመጣ ጊዜ በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያች ጕብታ ሸሸ። ነግቶ ሲታይ ዙሪያው ሁሉ ባሕር ሆኖ፤ ጕብታዋም ደሴት ሆና ተገኘች። ዘመድ ያለው ከዘመዱ ጋር ተጠጋጋ፤ ጎረቤት ያለውም ከጎረቤቱ ጋር ዳስ ጣለ። ነገር ግን ማንም የማይጠራቸው ጥቂት ሰዎች በአጥሩ ጥግ ቀሩ።

እነዚህም አንዲት ባልቴት፤ አንድ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ደብተራ፤ ለሰው ተቀጥሮ ከብት የሚጠብቅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፤ ገና አራስ ቤት ያለች ሙሽራ ከሕፃንዋ ጋር፤ ደግሞም አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሙሽራይቱ ባል ከብት ይዞ ደጋ ወጥቶ ነበርና እርስዋን በደንገል ታንኳ ያመጧት የማታውቃቸው ሰዎች ነበሩ። የትንሽዋ ልጅ እናት ቀደም ብላ ሞታለች፤ አባትዋም ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወርዶ አልተመለሰም። በውኃው ሌሊት አንድ ጎረቤት በጫንቃው ተሸክሞ አምጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀምጧት የራሱን ልጆች ሊያወጣ ተመለሰ። ባልቴቲቱም ብርድ ሲያንቀጠቅጣት አይተው በነጠላቸው አስገቧት። የቤተ ሰቡ መጀመሪያ ይህ ነው። አስቀድሞ የተመከረበት ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ባልቴቲቱ ሁሉንም ሰብስበው ሥራ አደሉ። ለእረኛው ኩበት መልቀምንና ማድረቅን ሰጡት፤ እንጨቱ ሁሉ ርሶ ነበርና ያለ ኩበት እሳት አይነድም። ሙሽራይቱ አራስ ስለ ሆነች ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ድስቱን እንድትጠብቅ አደረጉ። የኔታን ደግሞ ሁለቱን ልጆች ፊደል እንዲያስቈጥሩ ለመኗቸው። የኔታም እየሳቁ፤ «በዚህ ጭቃ ላይ ፊደል ምን ይሆናል?» ቢሏቸው፤ ባልቴቲቱ፤ «ልጅ ሥራ ከፈታ ውኃውን ብቻ ያያል፤ ውኃውን ብቻ ካየ ደግሞ ይፈራል» ብለው መለሱ ይባላል። እኔ ከልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ስለ ትምህርት ጥቅም ግን ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከመምህሮቼ አልሰማሁም።

ስለ ምግቡም ጥበብ ያስፈልግ ነበር። በጕብታዋ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተገኘው እህል ጓያ ነው። ጓያ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ የሚበቅል የድኻ መድኅን ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ለብዙ ሳምንት የበላውን ሰው እግሩን ይሰብረዋል፤ ይልቁንም ጎረምሳውን። ባልቴቲቱ ይህን ስለሚያውቁ ጓያውን ሌሊት እየዘፈዘፉ፤ የዘፈዘፉበትን ውኃ እየደፉ፤ ከገብስ ጋር ቀላቅለው ካልሆነ በቀር አያበሉም ነበር። የሚጠጣውንም ውኃ ሳይፈላ አያስቀምሱም፤ ጎርፍ የሰውንና የእንስሳን እድፍ ሁሉ አንድ አድርጎ ይዞ ይመጣልና። በሌሎቹ ዳሶች ተቅማጥ ሲገባ በእነርሱ ዳስ ግን አልገባም። ከዚህም የምንረዳው፤ በመከራ ቀን የቤት እመቤት ዕውቀት እንደ ሐኪም መድኃኒት ያህል ነፍስ የሚያድን መሆኑን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ፈተና መጣ። ገብስ የነበረበት ከረጢት ጎድሎ ተገኘ። ተመርምሮም እረኛው በሌሊት እየተነሣ ቆሎ ሲወስድ ኖሯል። ሙሽራይቱ ተቈጥታ፤ «ይህ ልጅ የእኔን ሕፃን ወተት ነው የሰረቀው፤ ወደ ሌላ ዳስ ይሂድልን» አለች። ንግግርዋም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እናት ካልበላች ጡት ይደርቃልና። የኔታ ግን፤ «በውኃ መካከል ሰውን ማባረር ከመግደል አይለይም» አሉ። ሁሉም የባልቴቲቱን ቃል ጠበቁ።

ባልቴቲቱም ልጁን ጠርተው ከመምታት ይልቅ የከረጢቱን ማሰሪያና መስፈሪያውን ጣሳ በእጁ ሰጡት። «ከዛሬ ጀምሮ ለሁላችን የምትሰፍር አንተ ነህ። መጀመሪያ ለአራሷ፤ ቀጥሎ ለሕፃኗ፤ ከዚያ ለየኔታ፤ ከዚያም ለእኔ ትሰፍራለህ፤ ለራስህ መጨረሻ ስፈር፤ እኛም እናያለን» አሉት። ልጁ አለቀሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ከረጢቱ አለመጕደሉን ሙሽራይቱ ራስዋ በፍርድ ቤት መስክራለታለች። ቅጣት ማለት ሁልጊዜ ማራቅ እንዳይደለ የምትሾሙና የምትፈርዱ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋተኛውን ወደ ሥራው አቅርቦ አደራ መስጠት ከግርፋት ይልቅ ያርማል።

ውኃው ጥቂት በረድ ባለ ጊዜ የእርዳታ እህል በጀልባ መጣ። እህሉ የሚታደለው በቤተ ሰብ ስለ ነበረ አንድ ወጣት መዝጋቢ ወረቀት ይዞ ከዳስ ወደ ዳስ ይዞር ነበር። ከእነርሱም ዳስ ደርሶ፤ «እናቴ፤ የዚህ ቤት አባወራ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። የሚመልስለት ጠፋ። ቀጥሎም ወደ ትንሽዋ ልጅ እያመለከተ፤ «ይህችስ የእርስዎ ምንዎ ናት? ዘመድ የሌለው ልጅ በሌላ መዝገብ ነው የሚጻፍ» አለ።

በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱ ተጨነቁ። ልጄ ናት ቢሉ ሐሰት ይሆንባቸዋል፤ አይደለችም ቢሉ ደግሞ ልጅቱ ከአጠገባቸው ትወሰዳለች። ልጅቱም ነገሩ ስለ ገባት የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ሙሽራይቱ በጆሮአቸው፤ «እመት፤ ልጄ ናት ይበሉ እንጂ» አለቻቸው። የኔታ ግን ከተቀመጡበት ሆነው፤ «ልጄ፤ እውነቱን ጻፍ። እኛ ዘመዳሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ከአንድ መሶብ እንበላለን» ብለው ለመዝጋቢው ነገሩት። መዝጋቢውም ጥቂት አሰበና የቤቱን እማወራ ባልቴቲቱን አድርጎ ስድስት ነፍስ ብሎ ጻፈ፤ በወረቀቱም ዳር፤ «በአንድነት የሚበሉ» የሚል ቃል ጨመረ። የወረቀቱንም ግልባጭ ሰጣቸው።

እኔ ብዙ ዘመን በመዝገብ ሥራ ኖሬያለሁና የዚያን ወጣት ሥራ አደንቃለሁ። መዝገብ የተሠራው ለሰው ነው እንጂ ሰው ለመዝገብ አልተፈጠረም። ሆኖም ወጣቱ መዝገቡን አላበላሸም፤ ሐሰትም አላስገባበትም፤ የተዘጋጀው መስመር ያልያዘውን እውነት በዳሩ ላይ ጻፈው እንጂ። ያች አጭር ቃል ከስድስት ዓመት በኋላ የአንዲትን ልጅ ዕድል የምትወስን መሆንዋን ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

መስከረም 21 ቀን፤ በብዙኃን ማርያም ዕለት፤ ሰዎቹ ከጕብታዋ ወረዱ። የሙሽራይቱ ባል መጥቶ ሚስቱንና ልጁን ወሰደ። የእረኛው ጌታም ልጁን አስጠራው። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቀሩ። ትንሽዋ ልጅ ግን የሚጠራት አልመጣም። የባልቴቲቱ ጎጆ ፈርሷል፤ ጎተራቸውም በስብሷል፤ ያላቸው ነገር ቢኖር በአንበሳሜ ያለች የእኅታቸው ቤት ብቻ ናት። ቢሆንም የልጅቱን እጅ ይዘው ጉማራን ተሻግረው አንበሳሜ ገቡ። ጠላ እየጠመቁ፤ ጥጥ እየፈተሉ፤ ልጅቱን ትምህርት ቤት አስገቧት።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፤ የራስዋ ቤት የፈረሰባት ድኻ ሴት የሰው ልጅ ማሳደግ ምን አስቸኰላት ይል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጠባይ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፤ ዝናም ቀርቶ፤ አንበጣና ተምች መጥቶ አገር ባዶ በሆነ ጊዜ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን ከማብላታቸውም በላይ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር በሬ የሌለው ሰው እንዲቈፍር አስተማሩ። በዚያ ዘመን ወላጅ አልባውን ያስጠጋው ባለጸጋው ብቻ አልነበረም። የጡት ልጅ፤ የማር ልጅ፤ የማደጎ ልጅ የሚባሉት የአገር ሥርዓቶች ሁሉ የሚያስረዱት፤ አባቶቻችን ያልወለዱትን ልጅ በቃልና በምስክር የራሳቸው ያደርጉ እንደ ነበረ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን፤ በረኃብ ምክንያት ከአገርዋ ወጥታ ባልዋንና ልጆችዋን ያጣችው ኑኃሚን የተጽናናችው በሥጋ በማትዛመዳት በሩት ነበር።

በእኛ ዘመንም የወይዘሮ አበበች ጎበና ነገር ለሁሉ የታወቀ ነው። እኒህ እመቤት በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ የወደቀውን ረኃብ በዓይናቸው አዩ፤ የሞተች እናትዋን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላም የልጆቹ ቍጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ባልተስማሙ ጊዜ የሞቀ ቤታቸውን ትተው ቀድሞ ዶሮ ያረቡበት በነበረ ጎጆ ከልጆቹ ጋር ገቡ። ከዚያች የዶሮ ቤት የተነሣው ሥራ ብዙ ሺሕ ልጆችን አሳድጎ ለወግ ለማዕርግ ያበቃ ታላቅ ማኅበር ሆነ። ወይዘሮ አበበች በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ሊቈጠር የሚችል አልነበረም። እንግዲህ የአንበሳሜዋ ባልቴት ሥራ ከዚህ የሚያንሰው በቍጥሩ ነው እንጂ በዓይነቱ አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. ባልቴቲቱ ልጅቱን በሕግ ልጃቸው ለማድረግ በፍርድ ቤት አመለከቱ። በሕጋችን የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። አባትዋ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የት እንደ ደረሰ አልታወቀምና ዘመዶችዋ እንዲሰሙ ተጠሩ። ያን ጊዜ አንድ አጎት ተነሥቶ ተቃወመ። ይህ ሰው የልጅቱን አባት ቁራሽ መሬት ይዞ ያርስ ነበር። በችሎቱም ፊት ቆሞ፤ «ጌቶቼ፤ ሴትዮዋ ባዕድ ናት፤ ጎርፍ ልጅ አይወልድም!» አለ። ከታዳሚው የሳቀ ሰው ነበረ፤ እኔም ቃሉን እንደ ተናገረው ጻፍሁት።

ዳኛው ባልቴቲቱን፤ «ይህችን ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ያሳደጓት?» ሲሉ ጠየቁ። ባልቴቲቱም፤ «ከውኃው ሌሊት ጀምሮ ነው ጌታዬ» ብለው ከመቀነታቸው አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። እርሱም ያ ወጣት መዝጋቢ የሰጣቸው ግልባጭ ነበር። በዳሩ ላይ ያለችው ቃል ደብዝዛለች፤ ነገር ግን ትነበባለች።

ከዚያ በኋላ ምስክሮች ተሰሙ። እረኛው አድጎ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። ዳኛው፤ «ሴትዮዋ ልጅቱን እንደ ልጃቸው ይይዟት እንደ ነበር በምን ታውቃለህ?» ቢሉት እንዲህ ሲል መለሰ፤ «መስፈሪያው በእጄ ነበር። ለሁሉም በልኩ እሰፍር ነበር። እመት ግን ከድርሻቸው እየቀነሱ ለእርስዋ ይጨምሩላት ነበር። ለአንድ ቀን አይደለም፤ እስክንወርድ ድረስ ሁልጊዜ ነው። እኔ የሰፈርሁትን አውቃለሁ።» በዚህ ጊዜ በችሎቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ።

አጎቱም በተራው በውኃው ጊዜ የት እንደ ነበረ ተጠየቀ። በደጋው፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፤ በደህና ቤት መኖሩን አመነ። ስለ ልጅቱ ጠይቆ ያውቅ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ አልነበረውም። በመጨረሻም ልጅቱ ራስዋ ተጠየቀች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና ነገሩን ታስተውላለች። «አጎቴን አልጠላውም፤ ነገር ግን ስታመም የምጠራው ስም የእመትን ነው» አለች።

ፍርድ ቤቱ ውሉን አጸደቀ። ከዚህም ጋር ዳኛው ለአጎትየው፤ ጉዲፈቻ የልጅቱን የትውልድ ዘመድነት እንደማይፍቅ፤ እርሱም አጎትነቱ እንዳለ እንደሚኖር፤ በአባትዋም በኩል ያላት መብት እንደማይጠፋባት አስረዱት። ሕጉ እዚህ ላይ መልካም ጥበብ አለው፤ ዝምድናን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሦስት ነገር እንማራለን ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ፤ በመከራ ቀን የተሰበሰበ ሰው ቤተ ሰብ የሚሆነው በማዘን ብቻ አይደለም፤ በሥርዓት ነው። እንባ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ለስድስት ሳምንት ግን ሥራ የሚያድል፤ ምግብ በልኩ የሚሰፍር፤ ጠብ የሚያበርድ ያስፈልጋል። በዚያች ዳስ ባልቴቲቱ እናት የሆኑት በነጠላቸው ስላስገቡ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ስላቆሙ ነው።

ሁለተኛ፤ ውኃ ሲጎድል ዝምድናም አብሮ እንዳይጎድል መጠንቀቅ ነው። በችግር ጊዜ እናቴ፤ ልጄ ተባብሎ፤ ደህና ቀን ሲመጣ በመንገድ ተያይቶ ማለፍ ነውር ነው። ይልቁንም ወላጅ አልባ ልጅ በእጁ የቀረበት ሰው ነገሩን በልማድ ብቻ ሳይተው በሕግ ፊት ያጽናው። ቃል ይረሳል፤ ምስክርም ይሞታል፤ የጸደቀ ጽሕፈት ግን ልጁን ከሚከራከረው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ነገር ለሹማምንት ነው። በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ይህም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ግድብ ብቻውን አይበቃም፤ የጉና ተዳፋት ደን ካልተመለሰለት ደለሉ መውረዱን አይተውም። ክረምት ሳይገባም በየቆላው መንደር ሰው የሚሸሽበት ከፍ ያለ ቦታ ሊታወቅ፤ ደረቅ ኩበትና እህል ሊከማችበት፤ ታንኳም ሊዘጋጅለት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉት ዛፎች ለዚያች ጕብታ ጥላም መጠጊያም እንደ ሆኑ አይረሳ። በመዝገብም ጊዜ፤ አባወራ ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር፤ ከእናንተ ጋር የሚበላ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቢጨመር፤ ብዙ ልጅ ከመጥፋት ይድናል።

የጕብታዋ ሰዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአንበሳሜ በባልቴቲቱ ቤት ይሰበሰባሉ። የኔታ ግን ካረፉ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ድርሻቸው ለቆሎ ተማሪ ይሰጣል። እኔም አንድ ዓመት ተጠርቼ ሄድሁ። አራስ የነበረችው ሴት ያን ጊዜ በእቅፍዋ የነበረውን ልጅዋን ይዛ መጣች፤ ቁመቱ ከእናቱ በልጧል። ልጅቱም ትምህርትዋን ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ እናትዋን የምታስተዳድር እርስዋ ናት። እህሉ ቀርቦ ሊታደል በሆነ ጊዜ ባልቴቲቱ ዙሪያውን አዩና፤ «መስፈሪያው የት አለ?» አሉ። እረኛ የነበረውም ሰው ተነሥቶ ጣሳውን ያዘ። መጀመሪያ ለእናቶች፤ ቀጥሎም ለልጆች፤ ከዚያም ለእንግዳው ለእኔ ሰፈረ፤ ለራሱም መጨረሻ ሰፈረ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጎረቤቱን ዘመድ ለማድረግ ጎርፍ እስኪመጣ የማይጠብቅ ሰው ደግሞ የተመሰገነ ነው። እግዚአብሔር አገራችንን ከክፉ ቀን ይጠብቅ፤ ክፉ ቀንም ቢመጣ ከመሶባችን ሰው አያጕድልብን።